አምስት ቁልፍ ያለው ፒያኖ፦ የአንድ የሙዚቃ ዶክትሬት ተማሪ ጥያቄ ኤምአርአይ ውስጥ ሲገባ

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውሮኢሜጅ በተባለው መጽሔት ላይ በወጣ አንድ ጥናት ግን ለፒያኒስቶቹ የቀረበላቸው ቁልፍ አምስት ብቻ ነበር፤ ለአንድ ጣት አንድ ቁልፍ። ጥያቄውን ይዞ የመጣው አሮን በርኮዊትዝ ነው፤ በጊዜው ሃርቫርድ ውስጥ በሙዚቃ ዶክትሬቱን የሚሠራ ፒያኒስት ነበር። አብሮት የሠራው የያኔው የዳርትማውዝ ተመራማሪ ዳንኤል አንሳሪ ይበልጥ የሚታወቀው የሰው አንጎል ቁጥርን እንዴት እንደሚረዳ በማጥናት ነው። የአንጎልን ምስል በብርቱ ማግኔት በሚያነሳው ማሽን፣ በኤምአርአይ ስካነር፣ የጠየቁት አጭር ነገር ነው፦ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ተጫውቶት የማያውቀውን እዚያው እየፈጠረ ሲጫወት አንጎሉ ውስጥ ምን ይለያል?

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ቻርልስ ሊምና አለን ብራውን ተመሳሳይ ጥያቄ በ35 ቁልፍ ኪቦርድና በስድስት የጃዝ ባለሙያዎች ጠይቀዋል። ይበልጥ የተወራለት የእነሱ ሥራ ነው። በሙዚቃና በሕክምና ምስል መካከል ቆሞ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ርዕስ ለሚያማርጥ ተማሪ ግን አምስት ቁልፉ ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነን። ሙዚቃን ለስካነር ሲባል የት ድረስ መቁረጥ እንደሚቻል፣ ሲቆረጥም ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚጠፋ ቁልጭ አድርጎ ያሳያልና።

ሁለት ነፃነት

ኢምፕሮቫይዜሽን፣ እዚያው እየፈጠሩ መጫወት፣ የሚለው ቃል ብዙ ነገር አጭቆ ይዟል። ተጫዋቹ የትኛውን ኖታ እንደሚነካ ይመርጣል፤ መቼ እንደሚነካም ይመርጣል። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ለሰሚው አንድ ነገር ይመስላሉ። ቁልፍ የነካ ሰው ግን ዜማውን ሳይነኩ ሪትሙን ብቻ ማወዛወዝ፣ ምቱን ሳያዛንፉ ኖታውን ብቻ መቀያየር እንደሚቻል ያውቃል። ንድፉ የቆመው በዚህ የሙዚቀኛ እውቀት ላይ ነው።

አራት ሁኔታዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ተጫዋቹ ቀድሞ የተማራቸውን ባለ አምስት ኖታ ንድፎች ከሜትሮኖም (ምት እየቆጠረ የሚመታ መሣሪያ) ጋር፣ በአንድ ምት አንድ ኖታ ይጫወታል። በሁለተኛው ንድፎቹ እነዚያው ናቸው፤ ሪትሙን ግን ራሱ ይፈጥራል። በሦስተኛው ወደ ሜትሮኖሙ ይመለስና ኖታዎቹን ይፈጥራል። በአራተኛው ሁለቱም ይለቀቁለታል።

ብልሃቱ ስሌቱ ላይ ይታያል። የዜማ ነፃነት ያመጣውን ለውጥ ለማግኘት ሦስተኛውና አራተኛው ተደምረው፣ የአንደኛውና የሁለተኛው ድምር ይቀነስላቸዋል። ለሪትሙ ደግሞ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ድምር ላይ የአንደኛውና የሦስተኛው ይቀነሳል። ጣት ማንቀሳቀሱ፣ የፒያኖው ድምፅ፣ የማሽኑ ጩኸት፣ ጠባብ ቱቦ ውስጥ በጀርባ ተኝቶ መጫወቱ በአራቱም ውስጥ ስላሉ በመቀነሱ ይጣፋሉ። ማነፃፀሪያው ዝም ብሎ መተኛት ቢሆን ኖሮ ምስሉ ላይ የሚደምቀው በዋናነት የእጅና የጆሮ አካባቢ ይሆን ነበር፤ ያንን ደግሞ ለማወቅ ፒያኒስት አያስፈልግም። ንድፉን የሚደግም ተማሪ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ በነፃው ሪትም ጊዜ ሜትሮኖሙን ጨርሶ ካጠፋው፣ ንጽጽሩ ድምፅ የመስማትና ያለመስማትም ይሆንበታል።

ሌላው ጥያቄ ተጫዋቹ እውነት ፈጥሯል ወይ የሚለው ነው። ፍጠር የተባለ ሰው ሲጨናነቅ ወደሚያውቀው ይሸሻል፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ። ከአምስት ቁልፍ ባለ አምስት ኖታ ቅደም ተከተል ሲሠራ 3,125 ዓይነት ይወጣል። የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ የሚመዘግበውን የሚዲ ፋይል ከፍቶ ስንቱ እንዳልተደገመ መቁጠር፣ በኖታዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ አውጥቶ መበታተኑን ማስላት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በ35 ቁልፍ፣ በጃዝ ሐረግና በተደራረበ ኖታ ይህ ቆጠራ ራሱን የቻለ ምርምር ይሆናል። እዚህ ላይ መቁረጡ ትርፍ አመጣ።

ኪቦርዱን ማግኔት ውስጥ ማስገባት

3 ቴስላ የሚባለው ስካነር መስኩ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ 60,000 እጥፍ ይበረታል፤ ስካን በማይደረግበት ሰዓትም እንዳለ ነው። ከሱቅ የተገዛ ኪቦርድ እንዳለ ይዞ መግባት አይታሰብም። የኃይል መስጫው ትራንስፎርመር ብረት ነው፤ ድምፅ ማጉያው ማግኔት ነው፤ ቁልፉን የሚያከብዱት ክብደቶች፣ ቁልፉን የሚመልሱት ሞላዎች፣ ብሎኖቹም በአብዛኛው ብረት ናቸው። ሊምና ብራውን የተጠቀሙት ማግኔት እንዳይስበው ተደርጎ በልዩ የተሠራ፣ 35 የፕላስቲክ ቁልፎች ያሉት ኪቦርድ ነው።

ይህን ሥራ ራሱ ለሚሠራ ሰው የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ከስካነር ክፍሉ ውጭ ኪቦርዱ እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል። ትንሽ ብርቱ ማግኔት በክር ታስሮ እያንዳንዱ አካል አጠገብ ይንጠለጠላል፤ ክሩ ትንሽም ካዘነበለ ያ አካል ይወጣል። ብሎኑ በናይሎን ወይም በነሐስ፣ ሞላው በፎስፈር ብሮንዝ ወይም በጎማ ይተካል። «አይዝጌ ብረት ነው፣ ማግኔት አይስበውም» የሚለውን ግን ማመን አይገባም። ብዙ ጊዜ የማይሳበው የአይዝጌ ብረት ዓይነት እንኳ ሲታጠፍ ወይም ሲበሳ የታጠፈው ቦታ ላይ መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ የክሩ ፈተና የሚደረገው ዕቃው ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ጭምር ነው።

ከመሳቡ የበለጠ ጊዜ የሚበላው ገመዱ ነው። 3 ቴስላ ላይ ምስሉ የሚሠራበት የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ የሚያስተጋባው በ127.7 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ነው። ክፍሉ በመዳብ የተለበጠው ከውጭ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ እንዳይገባ ነው። በግድግዳው ተራ ገመድ ከተሳበ ያ ገመድ አንቴና ሆኖ የውጩን ይዞ ይገባና ምስሉ ላይ ዚፕ የመሰለ የነጥብ መስመር ያሰምራል። መፍትሔው ወይ ገመዱን ግድግዳው ላይ ባለው ፓነል በፊልተር ማሳለፍ፣ ወይ ጭራሹን በብርሃን መሥራት ነው፤ ቁልፉ ሲጫን በኦፕቲክ ፋይበር የሚሄደውን ብርሃን ያቋርጣል። ለአምስት ቁልፍ አምስት የፋይበር መስመር በቂ ነው። ለ35 ቁልፍ 35 መስመር ራሱ የገመድ ሸክም ስለሚሆን ኤሌክትሮኒክሱ ከነመከለያው ማግኔቱ አጠገብ ለመቀመጥ ይገደዳል። የቁልፍ ብዛት የሙዚቃ ውሳኔ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የሚገባ ገመድ ካለ አይጠቀለልም፤ የተጫዋቹን ቆዳም አይነካም። የተጠቀለለ ገመድ የሬዲዮውን ጉልበት ሰብስቦ ሊግልና ሊያቃጥል ይችላል።

ሰው ከመግባቱ በፊት ፋንተም በሚባለው ፈሳሽ የተሞላ ዕቃ ላይ ሦስት አጫጭር ስካኖች ይደረጋሉ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንዱ ያለ ኪቦርድ፣ ሁለተኛው ኪቦርዱ ቦታው ላይ ሆኖ ግን ሳይበራ፣ ሦስተኛው በርቶ ሰው ቁልፎቹን እየተጫነ። በየቮክሴሉ (ምስሉ በተከፋፈለበት በየትንሿ ኩብ) የምልክቱ አማካይ በጊዜ ውስጥ ላለው መዋዠቅ ይካፈላል። በሁለተኛው ላይ ቁጥሩ ከወረደ ጥፋቱ ዕቃው ወይም ገመዱ ነው፤ በሦስተኛው ላይ ብቻ ከወረደ ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ይህችን አንድ ሰዓት የማትሞላ ሥራ የዘለለ ተማሪ ዓመት ሙሉ የሰበሰበው ዳታ ላይ መስመር ሲያገኝ ከየት እንደመጣ መለየት አይችልም።

ጩኸቱም ቅኝት አለው

ለአንጎል ሥራ ጥናት የሚውለው ፈጣኑ ስካን ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። ጆሮ መድፈኛና ማዳመጫ ግድ ነው። ለሙዚቀኛ ከጩኸቱ መጠን ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ድምፁ ኖታ ያለው መሆኑ ነው። ግራዲየንት የሚባለው፣ መስኩን ከቦታ ቦታ የሚለዋውጠው የማሽኑ ጥቅል ሽቦ አቅጣጫውን እየቀያየረ መስመር በመስመር ሲያነብ፣ በሁለት መስመሮች መካከል 0.5 ሚሊ ሰከንድ ካለ አንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህ ማለት 1,000 ኸርትዝ የሚጮህ ድምፅ ማለት ነው። ኤ ኖታው በ440 ኸርትዝ በተቃኘ ፒያኖ ላይ ከላይኛው ሲ በታች ካለው ቢ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ተጫዋቹ በሲ ሜጀር ሲጫወት ይህ ያልተቃኘ ድምፅ ከላይ ሳያቋርጥ ይጮህበታል። ስካን ከማስጀመር በፊት ማሽኑን ቀድቶ ድምፁን መለካትና የሚጫወቱትን ቅኝት ወይም የመስመሩን ክፍተት ትንሽ ማንሸራተት ይቻላል። የፊዚክስ ሰዎቹ ዘንድ ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሳም፤ የሚያነሳው ሙዚቀኛው ነው።

ማዳመጫው በአየር ቱቦ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ 5 ሜትር ቱቦ 15 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያዘገያል፤ የኮምፒውተሩ መዘግየት ሲጨመርበት ጣት ከነካ በኋላ ኖታው ዘግይቶ ይሰማል፣ ተጫዋቹም ሳያውቀው ይጎተታል። ቱቦው ቀጭኑን ድምፅም ይበላል። ማግኔት የሌለው ኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሜትሮኖሙ ፍጥነትም ከስካኑ ጋር መተያየት አለበት። ሙሉ አንጎል በየ2 ሰከንዱ የሚቀረጽ ከሆነና ሜትሮኖሙ በደቂቃ 120 ከመታ፣ 2 ሰከንድ ልክ አራት ምት ነው። አንድ የአንጎል ቁራጭ ሁልጊዜ የሚቀረጸው በዚያው ምት ላይ ይሆናል ማለት ነው። የማሽኑ ምት ከሙዚቃው ጋር ስለሚገጥም ተጫዋቹ ማሽኑን እንደ ከበሮ ይከተለዋል። ሜትሮኖሙን ወደ 112 ማውረድ ብቻ ይህን ይፈታል።

ተኝቶ መጫወት

የአንድ ቮክሴል ጎን አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትር የጭንቅላት ንቅናቄ ዳታውን ያበላሻል። ፒያኒስት ደግሞ በትከሻው ይጫወታል፤ ራሱን ይነቀንቃል፣ እግሩን ይመታል፣ ኢምፕሮቫይዝ ሲያደርግ ያንጎራጉራል። መጥፎው ነገር መንቀሳቀሱ በነፃው ሁኔታ ከማነፃፀሪያው መብለጡ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ምስሉ ላይ የሚታየው ልዩነት የፈጠራ ይሁን የመወዛወዝ አይለይም። በኮምፒውተር ማስተካከያው ስድስቱን የእንቅስቃሴ ልኬቶች ያወጣል፤ ከተግባሩ ጋር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ ግን እነሱን መቀነስ የሚፈለገውንም አብሮ ይቀንሳል።

ጭንቅላቱ ፍጹም ጸጥ ቢል እንኳ ክንድ ከወዲያ ወዲህ ሲሄድ የሰውነት ብዛት መስኩን ስለሚያዛንፍ የአንጎሉ ምስል በጥቂቱ ይንሸራተታል። ሊምና ብራውን ኪቦርዱን ተጫዋቹ ጭን ላይ አስቀምጠው በቀኝ እጅ ብቻ እንዲጫወት፣ ቁልፎቹን ከዓይኑ በላይ ባለ መስታወት እንዲያይ አድርገዋል። አምስት ቁልፍ ላይ መስታወትም አያስፈልግም፤ እጅ ከቦታው አይነሳም፣ ክርንና ክንድ በትራስ ተደግፎ ጣቶች ብቻ ይሠራሉ።

ዝግተኛው ምልክት

ኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ የሚከታተለው የኤምአርአይ ስልት) የሚያየው ነርቮቹን ራሳቸውን አይደለም፤ ሥራቸውን ተከትሎ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲለዋወጥ ነው። ያ ለውጥ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ሲኬድ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ሩብ ኖታዎች አልፈዋል። ስለዚህ «ይህን ኖታ ሲመርጥ» የሚል ጥያቄ አይመለስም፤ የሚመለሰው «በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ሲጫወት» የሚለው ነው። ሁኔታው ሲረዝም ሙዚቃው ይሻላል፤ አንድ ደቂቃ የተጫወተ ሰው ሐረግ ይሠራል። ነገር ግን ኤስፒኤም የተባለው የትንተና ሶፍትዌር ልኩ ካልተቀየረለት ከ128 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ዝግተኛ መዋዠቅን እንደ ማሽን መንሸራተት ቆጥሮ ያጠፋል። ሁለት የአንድ ደቂቃ ሁኔታዎች ከዕረፍታቸው ጋር ሲዟዟሩ ዙሩ 128 ሰከንድን ያልፋልና ተማሪው የፈለገውን ምልክት በገዛ ፊልተሩ ያጥባል። ወይ ሁኔታውን ማሳጠር፣ ወይ የፊልተሩን ልክ መለወጥ ያስፈልጋል።

ስለ ሰው ብዛትም አንድ ስሌት። የስድስት ሰው ልዩነት የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን እየገለበጡ ቢፈትኑት ያለው አማራጭ 64 ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሊገኝ የሚችለው ትንሹ የዕድል ግምት (ፒ-ቫልዩ) 1 ከ64፣ ማለትም 0.016 ገደማ ይሆናል። ስድስቱም አንድ ዓይነት ካሳዩ ብቻ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ አንዱ ካፈነገጠ ይበላሻል። የጃዝ ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም፤ በአምስት ቁልፍ ሊጫወት የሚችል የክላሲካል ፒያኒስት ግን በየዩኒቨርሲቲው አለ። የመቁረጡ ሌላ ትርፍ።

ምን ተገኘ፣ ምን አልተስማማም

በርኮዊትዝና አንሳሪ የዜማውም የሪትሙም ነፃነት የሚጋሩት ሦስት የአንጎል ቦታ አገኙ፦ የላይኛው ፕሪሞተር ኮርቴክስ፣ የፊተኛው ሲንጉሌት አንድ ክፍል፣ የታችኛው ፍሮንታል ጋይረስ። ትርጓሜያቸው ቁጥብ ነው፤ ቅደም ተከተል ማመንጨት፣ ከመካከሉ መምረጥ፣ የተመረጠውን መፈጸም።

ሊምና ብራውን ያዩት ሌላ ነበር። ዶርሶላተራል የሚባለው የጎን ፕሪፍሮንታል ክፍል ቀነሰ፣ መካከለኛው ጨመረ፤ ይህም በቀላሉ ስኬል ላይም በጃዙ ላይም ታየ። ራስን መቆጣጠር ላላ፣ ራስን መግለጽ በረታ ተብሎ ተተረጎመ። ትርጓሜው ማራኪ ነው፤ ነገር ግን «ይህ ቦታ ስለበራ ሰውየው ይህን እያደረገ ነው» የሚለው የተገላቢጦሽ አካሄድ አንድ ቦታ ብዙ ሥራ ስለሚሠራ ያንሸራትታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሣራ ቤንግትሰን፣ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይና ፍሬድሪክ ኡሌን በ11 ፒያኒስቶች ላይ ያንኑ የጎን ክፍል በቀኝ በኩል ጨምሮ አግኝተውት ነበር።

አንዱ ጨመረ ሲል ሌላው ቀነሰ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 አና ሉዊሳ ፒንሆና ባልደረቦቿ 39 ፒያኒስቶችን በሁለት ዓይነት መመሪያ ኢምፕሮቫይዝ አስደረጉ። አንዱ መመሪያ በተወሰኑ ኖታዎች ብቻ ፍጠሩ ይላል፣ ሌላው ይህን ስሜት ግለጹ ይላል። ዶርሶላተራሉ በኖታ ገደቡ ጊዜ ከስሜቱ ይልቅ ከፍ አለ። ማሽኑ አንድ፣ ሰዎቹ አንድ፣ ኪቦርዱ አንድ፤ የተለየው ለተጫዋቹ የተነገረው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ መመሪያው የሚጻፍበት ወረቀት ከስካን ልኬቶቹ እኩል ጊዜ ይገባዋል፤ ቃል በቃል ተጽፎ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ከዳታው ጋር መቀመጥ አለበት።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ሁለቱንም ሙያ እኩል መያዝ አይጠበቅበትም። ስካነሩን በራሱ ማስኬድ ባይችልም ከላይ ያሉትን ስሌቶች በእጁ መሥራት፣ የፋንተሙን ሙከራ ማንበብ፣ ዳታውን ከጥሬው እስከ መጨረሻው በራሱ ስክሪፕት ማሳለፍ አለበት። ሙዚቃውን በተመለከተ በሙያ መጫወት ባይሆንም ማነፃፀሪያው ሁኔታ ለጆሮ ሙዚቃ ሆኖ እንደሚሰማና እንደማይሰማ መለየት ይፈለግበታል። መጀመሪያ መያዝ ያለበት ቀጠሮ የስካን ሰዓት ነው፤ ከሥነ ምግባር ፈቃዱ ቀጥሎ ሥራ የሚያዘገየው እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ጥናታቸው ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በርኮዊትዝና አንሳሪ ሙዚቀኞችንና ሙዚቃ ያልተማሩ ሰዎችን ጎን ለጎን አወዳደሩ። በ35 ቁልፍና በኮርድ ይህ አይሞከርም ነበር፤ አምስት ቁልፍን ግን ማንም ሰው በአምስት ጣቱ ይጫናል። ዜማ ሲፈጥሩ ሙዚቀኞቹ ላይ የቀኙ ቴምፖሮፓራይታል መጋጠሚያ (ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያለ የአንጎል ክፍል) ሥራው ቀነሰ፤ ባልተማሩት ላይ አልተለወጠም። ሪትም ሲፈጥሩ ግን በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም።